ባለ አንድ ዓይን ቅዱሳን

ልጄ የምታገባው እዚሁ ቶሮንቶ ተወልዶ ያደገ የጣሊያን ልጅ ነው። ሠርጋቸው የልጁ አያቶች በተጋቡበት አሮጌ የጣሊያኖች ቤተ ክርስቲያን እንዲሆን ፈለጉ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ እሷም በሰማንያ ቀኗ ክርስትና የተነሳች ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ዌስተን ሰፈር ባለው አፓርታማችን ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። «አልመጣም» ማለቱም «ይሁን» ማለቱም ከበደኝ። ሲጨንቀኝ፣ «እስቲ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኑን ልየውና መልስ እሰጥሻለሁ» አልኳት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይዛኝ ሄደች። በሩ ላይ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ መፍታት ስጀምር ክንዴን ያዘችኝ።

«አባዬ፣ እዚህ ጫማ አይወልቅም።»

«ቤተ ክርስቲያን አይደለም እንዴ?»

«ነው፣ ግን… ፕሊስ፣ በቃ ግባ።»

ገባሁ። ከነጫማዬ መርገጡ ቀፈፈኝ። መጋረጃ የሚባል ነገር የለም፤ መቅደሱ እንዳለ ወለል ብሎ ይታያል። የወንድና የሴት ወገንም የለው። የት እንደምቆም ጠፍቶኝ መሀል ላይ ተገተርኩ።

ቀና ብዬ ጣሪያውን ሳየው ግን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ድሮ ለግንበኝነት ሥራ የመጡ ጣሊያኖች በገዛ እጃቸው የሠሩት ነው አለችኝ። እዚያ የተሣሉትን መላእክት ልብስ ነፋስ የሚያርገበግበው ይመስላል። በስተግራ ደግሞ እመቤታችን ከመስቀል የወረደ ልጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከነጭ እብነ በረድ ተቀርጻ ተቀምጣለች። የልጇ የእጁ ደም ሥር ሳይቀር ይታያል። የተቀረጸ ምስል ፊት አትቁም እየተባልኩ ያደግኩ ሰውዬ እንባዬ መጣ። ኃጢአቱ ማልቀሴ ይሁን አለማልቀሴ መለየት አቃተኝና በራሴ ተናደድኩ።

ከእመቤታችን ሐውልት ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ የጌታ እራት ተሥሏል። በእኛ ሥዕል ነገሩ ግልጽ ነው፤ ጻድቅ ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይሣላል፣ ክፉ ሰው በጎኑ፣ ባንድ ዓይኑ። ልጄንም በልጅነቷ ያስተማርኳት ይህንኑ ነው። እዚህ ግን ሁሉም ተዘበራርቋል። ጌታን ተጠግቶ የተቀመጠው ወጣት ባለ አንድ ዓይን ነው። ከማዶ ከረጢት የጨበጠ ሰውዬ ሁለት ዓይኑን አፍጥጦ ያየኛል።

«ይሁዳ የቱ ነው?» አልኳት።

«ከረጢት የያዘው።»

«እሱማ ሁለት ዓይን አለው!»

«አባዬ፣ እነሱ በዛ አይለዩም። ሠዓሊው በተቀመጡበት አንግል ነው የሣላቸው።»

«ታዲያ ክፉና ደጉ በምን ይታወቃል?»

«የሚያደርጉትን አይተህ ነዋ።»

ይህን ከማን እንደተማረችው እንጃ። ከእኔ አይደለም። ለጫማውም፣ ለመጋረጃውም፣ ለሐውልቱም መልስ ነበራት፤ አንዱን ስትመልስልኝ ሌላ ጥያቄ እፈልጋለሁ። እውነቱን ለመናገር ቦታው አስቀያሚ ቢሆንልኝ ደስታውን አልችለውም ነበር። «አይሆንም» ብዬ ቤቴ እገባ ነበር። ማማሩ ነው ያወዛገበኝ።

«ና፣ እስቲ እንሞክረው» ብላ ወደ በሩ መለሰችኝ። በእነሱ ወግ ሙሽራዋን ክንዷን ይዞ እስከ መሠዊያው የሚያደርሳት አባቷ ነው። በእኛ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ቤት ድረስ መጥቶ ይወስዳታል፤ አባት መርቆ ይሸኛል እንጂ እንዲህ ያለ ሥራ የለበትም። እሺ አላልኩም፤ እግሬ ግን እየሄደ ነበር። ከወንበሮቹ መሀል ክንድ ለክንድ ተያይዘን፣ ቀስ እያልን ሄድን። መሠዊያው ደረጃ ሥር ስንደርስ ቆመች።

«እዚህ ጋ ትለቀኛለህ።»

«ከዚያስ?»

«ከዛ ሄደህ ትቀመጣለህ። ያ የፊተኛው ወንበር ያንተ ነው፤ ለኛ ፋሚሊ ሪዘርቭ አድርገነዋል።»

ዞሬ አየሁት። ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ደርድሮ የሚያስቀምጥ ረጅም የእንጨት ወንበር ነው።

«ብቻዬን?» አልኳት።