ከሙቀቱ በፊት የሚያልቅ ስሌት

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ሸዋ ሮቢት ውስጥ በአንድ የመስኖ ጽሕፈት ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ሥራዬ ኮምፒውተር ላይ ነው። ያለን ኮምፒውተር አንድ ሲሆን ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ክፍል ከቬንትሌተሩ ፊት ለፊት ተቀምጧል። የበጋው ሽንኩርት የውሃ ተራ የሚወጣው ከእሱ ነው። የትኛው ማሳ ምን ያህል ውሃ እንደሚፈልግና ውሃው መቼ እንደሚደርሰው ፕሮግራሙ ያሰላል፤ እኛም አትመን ለውሃ አባቱ እንሰጣለን። የውሃ አባት የሚባሉት ገበሬዎቹ ራሳቸው የመረጧቸው ሽማግሌ ናቸው። ከሮቢ ወንዝ የተጠለፈውን ቦይ የሚያስከፍቱትም የሚያዘጉትም እሳቸው ናቸው።

ያስቸገረን ሙቀቱ ነበር። ፕሮግራሙ ለመጨረስ ጠዋት ተነሥቶ እስከ ከሰዓት ድረስ መሥራት አለበት። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ግን ማሽኑ ስታክ አድርጎ ባለበት ይቆማል፤ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ተራው ካልወጣ ደግሞ የላይኞቹ ገበሬዎች ቦዩን እንደያዙ ይሰነብታሉ፣ የታችኞቹ ሽንኩርት ይጠወልጋል። አንድ ሳምንት ተራው ዘግይቶ ሁለት ገበሬዎች በአካፋ ተማቱ። የውሃ አባቱ ሊገላግሉ መሃል ገብተው አካፋው ክንዳቸው ላይ አረፈባቸው። በማግሥቱ ክንዳቸውን በጨርቅ አንጠልጥለው ቢሮ መጡ።

«ልጆቼ፣ ተራውን በጊዜ ስጡኝ» አሉ። «ተራ ካለ እኔ አስታርቃለሁ። ከሌለ ምን ይዤ ልዳኝ?»

አለቃዬ እዚያው ነበሩ። ፕሮግራሙን የጻፉት እሳቸው ናቸው። በዕድሜ የእናቴ እኩያ፣ የደጋ ሰው ናቸው፤ ቆላው ስላልተስማማቸው እርጥብ ፎጣ ማጅራታቸው ላይ ጣል አድርገው ነው የሚሠሩት። ሽማግሌው ሲወጡ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን ይሻላል?»

ጊዜው የት እንደሚባክን ቀደም ብዬ አይቼው ነበር። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ማሳና ለእያንዳንዱ ቀን የፀሐዩን ኃይል በሳይንና በኮሳይን፣ የአየሩን እርጥበት በኤክስፖኔንሻል ያሰላል። ማሽናችን ለእንዲህ ያለ ሒሳብ የተሠራው ቺፕ የለውም። ስለዚህ ከፕሮግራሙ ጋር የመጡት ዝግጁ የሒሳብ ፋንክሽኖች እያንዳንዷን ቁጥር እስከ አሥራ አምስት አሃዝ ድረስ እየለቀሙ ያሰላሉ።

«እትዬ፣ ሳይኑንና ኤክስፖኔንሻሉን በራሳችን ብንተካቸውስ?» አልኩ። «የዝናብ መለኪያችን ሦስት አሃዝ እንኳ በቅጡ አይሰጥም። ሰባት አሃዝ ይበቃናል።»

«በትክክል የሚሠራውን ነገር ላበላሽ ነው የምትለኝ?»

«በመጠኑ ትክክል ይሁንና በጊዜ ይድረስ ነው የምለው።»

ፎጣቸውን አጠፉና ዘረጉ። «እሺ፣ ቅጂው ላይ ሞክር» አሉ።

ሳይኑን በሠንጠረዥ ተካሁት። ፕሮግራሙ ሲነሣ ዋጋዎቹን አንዴ ደርድሮ ያስቀምጣል፤ በሁለት ዋጋዎች መካከል የሚውለውን በቀጥታ መስመር ይገምታል። ኤክስፖኔንሻሉን ደግሞ ጥቂት ማባዛትና መደመር ብቻ ባለው አጭር ቀመር ለወጥኩት። ቀመሩ ከሮቢት ብርድና ሙቀት ክልል ከወጣ ይሳሳታል፤ እኛ ግን ከዚያ ክልል የምንወጣበት ጉዳይ የለንም። በመጨረሻ ቁጥሮቹን ሁሉ ወደ አጭሩ፣ ወደ ሰባት አሃዙ ዓይነት አወረድኳቸው።

በማግሥቱ ጠዋት አስነሣሁት። ረፋዱ ሳያልፍ ጨረሰ። ደስ አለኝ፤ አትሜ ሰጠኋቸው። አለቃዬ የድሮውንና የአዲሱን ውጤት ጎን ለጎን ዘርግተው በማስመሪያ መስመር በመስመር ወረዱ። የውሃው መጠን አንድ ነው። ወደ ሌላው ገጽ ሲያልፉ ማስመሪያው ቆመ።

«ይሄ ውሃ ክንፍ አለው እንዴ?» አሉ።

አየሁት። ቦዩ በተከፈተባት ቅጽበት ውሃው የመጨረሻው ማሳ ላይ ደርሷል ይላል። ፕሮግራሙ የመድረሻውን ሰዓት የሚያወጣበትን የርቀት ዓምድ ስንመለከት አብዛኛው ዜሮ ነው። ሁሉንም ነገር መልስ የሚሉኝ መሰለኝ። እሳቸው ግን ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ቀመሩ የእኔ ነው፣ አውቀዋለሁ» አሉ። «ከካርታው ሁለት ቦታዎች ከምድር መሃል ሲታዩ የሚሠሩትን ማዕዘን ኮሳይን ያወጣል፣ ከዚያ ወደ ርቀት ይመልሰዋል። ሁለቱ ቦታዎች ሲቀራረቡ ኮሳይኑ ምን ይሆናል?»

«አንድ ሊሆን ምንም አይቀረው።»

«ስንት ይቀረዋል?»

ወረቀት ላይ ሠራሁት። በአንድ ኪሎ ሜትር ያህል ለሚራራቁ ቦታዎች ከአንድ የሚያንሰው በስምንተኛው አሃዝ ላይ ነው። ሰባት አሃዝ ብቻ የሚይዘው ቁጥር ያንን ጭራሽ አያየውም፤ ልክ አንድ ነው ብሎ ያልፈዋል፣ ርቀቱም ዜሮ ይሆናል። ለውሃው መጠን የበቃው ልክ ለርቀቱ አልበቃም።

«ርቀቱ በረጅሙ፣ በአሥራ አምስት አሃዙ ይሁን፣ በድሮው ኮሳይን» አልኩ። «ግን መልሶ ያዘገየናል።»

«ለምን ያዘገየናል? ማሳ ቦታ አይለውጥም። አንዴ ይሰላና ይቀመጥ።»

ያ ለእኔ አልታየኝም ነበር። ምሳ ሳንወጣ አስተካከልነው፤ ርቀቱ በረጅሙ፣ የቀረው በአጭሩ። በማግሥቱ ጠዋት ውጤቶቹን ደግመን ስናስተያይ የመድረሻው ሰዓትም የውሃው መጠንም ገጠመ። አለቃዬ ወረቀቱን ራሳቸው ይዘው ወደ ቦዩ ወረዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። የውሃ አባቱ በደኅና እጃቸው ተቀበሉ።

«ገና በጠዋቱ?» አሉ።

«ከእንግዲህ በጠዋት ነው» አሏቸው አለቃዬ።

ጭቅጭቁ ፈጽሞ ቀረ አልልም። የላይኞቹ ማጉረምረማቸውን አልተዉም። አካፋ ግን አልተነሣም፣ የታችኞቹም ሽንኩርት ለጭነት ደረሰ። ለእኛ ደግሞ ከሰዓቱ ተረፈን። ጥላው ወደ ምሥራቅ ሲዘረጋ አለቃዬ ፎጣቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው ይነሡና ቦዩን ተከትለን እንወርዳለን። ውሃው በእርግጥ በስንት ሰዓት የት እንደሚደርስ በዐይናችን እያየን፣ ፕሮግራሙን በዚያ እያረምን ያንን በጋ ጨረስነው።