ያልተተረተረው ስፌት

እትዬ ሜትር ይሏታል። ስሙ የወጣላት የመለኪያ ሜትሯ ከአንገቷ ስለማይወርድ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰፈሩን ሴት ወገብ ስትለካ ኖራለች፤ የማን ሆድ እንደገፋ ከባልየው በፊት የምታውቀው እሷ ናት። «እሷ ዘንድ ቀሚስ ያሰፋች ምስጢር የላትም» ብለው ያሟታል። ሐሜቱ ሲደርሳት ትስቃለች፤ እውነት ነዋ።

በገዛ ቤቷ ግን ዓይኗ ታወረ።

አብራት የምትኖረው የልጇ ሚስት ናት። ልጇ የረጅም ርቀት ሹፌር ስለሆነ በወር ሁለት ሦስት ቀን ቤቱ ቢያድር ነው። ሁለቱ ሴቶች ከፊት ባለችው ክፍል ይሠራሉ፤ አንዷ ትሰፋለች፣ ሌላዋ ቁልፍ ትተክላለች፣ ትተኩሳለች። የሚበሉት ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ነው። ምራቷ ከፀነሰች ወዲህ ጭልፋውን የምትይዘው እትዬ ሜትር ብቻ ሆነች። ግማሽ ጭልፋ ምስር፣ ስስ ቁራጭ ዳቦ፣ በቃ። እንቁላል የሚባል ነገር ከቤቱ ጠፋ።

«እማዬ፣ ትንሽ ቢጨምሩልኝ? አልጠገብኩም።»

«ይብቃሽ ልጄ። ትንሽ ልጅ ውለጂ፣ ከወጣ በኋላ ያድጋል።»

ምራቷ ሳህኑን በዳቦ ጠርጋ ስትጨርስ እትዬ ሜትር ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

ስስት እንዳይመስላችሁ፤ እንዲያውም ያላትን የማትሰስት ቸር ናት። ግን ከስድስት ዓመት በፊት አንዲት ሴት ልጇን በወሊድ አጥታለች። ያኔ እንቁላሉን በጥንድ በጥንድ፣ ወተቱን በትልቅ ኩባያ ታቀርብላት ነበር። ልጁ ትልቅ ሆነ፣ ምጡ ጠና፣ እናትም ልጅም አልተረፉም። ለቅሶ ላይ አንዲት ዘመድ «ከመጠን በላይ ቀልባችኋት ነው» አለች። ያቺ ቃል እትዬ ሜትር ልብ ውስጥ እንደ ተሰበረ መርፌ ቀረች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ነገሩ፣ ይኸው ዛሬ ከምስር ጋር ትጣላለች።

በሰባተኛው ወር ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ አብረው ሄዱ። ነርሷ የምራቷን የዓይን ሽፋን ገልጣ አየች፣ ደም አስመረመረች፣ ሚዛን ላይ አቆመቻት፣ ሆዷን ለካች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«እናቴ፣ ሁለት ወር ሙሉ ኪሎዋ አልጨመረም፤ ደሟም አንሷል። ፅንሱ ከወሩ ወደ ኋላ ቀርቷል። ምንድን ነው የምትበላው?»

«የሚበቃትን።»

«አልበቃትም። እንቁላል፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ወተት፣ ያገኛችሁትን አብሉልኝ። ከወትሮው በላይ በቀን አንዴ ጨምራ ትብላ። ይሄን ለደም የሚሆን የብረት እንክብልም በየቀኑ ትውሰድ። አልረፈደም፤ ግን ብዙ ጊዜ የለንም።»

እትዬ ሜትር በልቧ «የትናንት ጩጬ» አለቻት። መንገዱን ሁሉ ስትነጫነጭ ቤት ገቡ።

ለምራቷ በአራተኛው ወር የሰፋችላት ቀሚስ ነበረ። እንደ ልማዷ በጎንና በጎኑ አራት አራት ጣት ትርፍ ጨርቅ በሁለት ስፌት አጥፋበታለች፤ ሆድ ሲገፋ እየተረተሩ የሚያሰፉት ነው። የመጀመሪያው ስፌት መተርተር የነበረበት ባለፈው ወር መሆኑ ትዝ አላትና ምላጭ አነሳች።

«ነይ እስቲ፣ ጎኑን ላስፋልሽ።»

ምራቷ መስኮቱ አጠገብ ቆመች። እትዬ ሜትር ጣቷን በቀሚሱና በገላዋ መሀል ሰደደች። ገባ። መዳፏን ሰደደች። እሱም ገባ።

ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ለካች። ደግማ ለካች። ቁጥር አትረሳም፤ ሆዷ በሦስት ወር የጨመረው አራት ሳንቲ ሜትር ነው፣ ክንዷማ ጭራሽ ቀንሷል። ነርሷን «ጩጬ» ብሎ ማለፍ ይቻላል። የራሷን ሜትር ምን ትበለው? ሜትሩን እንደያዘች ከወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ምን ሆኑብኝ?»

«ምግቡ አይደለም» አለች።

«የቱ ምግብ?»

«ልጄን የገደላት። ጠዋት ምጥ ሲጀምራት 'እንሂድ' አለችኝ። የሙሽራ ቀሚስ ይዤ ነበር። 'የመጀመሪያ ምጥ ይቆያል፣ ይቺን ልጨርስና' አልኳት። ጨርሼ ቀና ስል መሽቷል። ሐኪሙም 'ቀደም ብላችሁ ብትመጡ' ነው ያለኝ። እኔ ነኝ በእንቁላሉ ያሳበብኩት። እሱ ይቀለኝ ነበር።»

ምራቷ ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች። 

«የኔስ?» አለች። «የኔስ ልጅ ይተርፋል?»

«አላውቅም ልጄ።»

እትዬ ሜትር እንደምንም ተነሳች። ከሱቅ እንቁላል ገዝታ መጥታ ሁለት ቀቀለች፣ ምስሩን አሞቀች፣ ጭልፋውን ለምራቷ አስረከበቻት። ምራቷ እያለቀሰች በላች። ይቅር አለቻት ማለት አይደለም፤ ርቧት ነበር።

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ትለካታለች። የመጀመሪያውን ስፌት የተረተረችው በዘጠነኛው ወር መግቢያ ነው። ሁለተኛው ሳይተረተር ቀረ። የልጅ ልጇ ሁለት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ሆና ተወለደች፤ ሆስፒታል አሥር ቀን አቆዩአት፣ እስካሁንም ጉንፋን አያጣትም።

ሰፈሩ የሚያወራው ግን የምራቷ ምጥ ስለጀመረበት ጠዋት ነው። እትዬ ሜትር አንዲት ሙሽራ ቀሚስ እያስለካች ነበር አሉ። ምራቷ ከኋላ ክፍል «እማዬ» ስትል ሰማች፤ ሙሽሪትን አንድ እጅጌ ብቻ እንደለበሰች መስታወቱ ፊት ገትራት ምራቷን ይዛ ወደ ሆስፒታል ወጣች። ሰው ይሄን እያነሳ ይስቃል። እሷ በዚህኛው አትስቅም።