ጳጉሜን የዘለለ ስክሪፕት

የቀኝ እጄ አንጓ ያመኛል። ከዘንዘልማ በባጃጅ ስመጣ ብረቱን የምይዘው በግራዬ ነው፤ መንገዱ እንደሆነ እንኳን የታመመ እጅ ጤነኛ ወገብም አይምርም። ቢሮ ገብቼ ደግሞ ያንኑ ሠላሳ መስመር ኮድ እጽፋለሁ። ሥራችን የጤና ጣቢያዎችን የወረቀት ቅጾች ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ነው። እያንዳንዱ ቅጽ የራሱ ፋይል አለው፤ በየፋይሉ ያው ሠላሳ መስመር ይደገማል፤ የሚለወጠው የቅጹ ስምና ጥያቄዎቹ ብቻ ናቸው። እናቴ ለጎረቤት «ልጄ ትልቅ ሥራ ይዛለች» የምትለው ይህን ነው። ወይ ትልቅ ሥራ!

ያኔ ሁለት ነበርን፤ እኔና በአባቴ ዕድሜ ያሉ አንድ ሰው። ጋሼ እላቸዋለሁ። በጽሕፈት መኪና ዘመን ታይፒስት ነበሩ፤ ኮድ የተማሩት ፀጉራቸው ከሸበተ በኋላ ነው። ኮንትራታቸው በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ይታደሳል። እያንዳንዷን መስመር፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ከመጀመሪያው ይጽፏታል። «ጋሼ፣ ለምን ኮፒ አያደርጉትም?» ስላቸው «ያልጻፍሁትን አላውቀውም» ይላሉ። እኔ ስምንት ቅጽ ስጨርስ እሳቸው አራት። ያበሽቁኝ ነበር።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ሐይቁን ከመስኮታችን ሸፍኖት ሳለ፣ እጄ እምቢ አለ። «በቃ!» አልሁ። ኮድ የምንጽፍበት ኤዲተር ስክሪፕት ከጻፉለት ይታዘዛል፤ የቅጹን ጥያቄዎች አንብቦ ሠላሳውን መስመር ራሱ ይደረድራል። ሦስት ቀን ለፋሁበት። ቅጾቹ ላይ ቀን የሚሞላበትን የወራት ዝርዝር ግን ታክቶኝ ከኢንተርኔት ካገኘሁት የፈረንጅ ናሙና ቀዳሁትና፣ መስከረም፣ ጥቅምት እያልሁ በየቦታው ስማቸውን ሞላሁ። ቦታው ዐሥራ ሁለት ነበር። ሲሞላ አለቀ ብዬ አለፍሁ። በአራተኛው ቀን አንድ ቁልፍ ተጫንሁ፤ ፋይሉ ተሞልቶ ቁጭ አለ። ብቻዬን ሳቅሁ።

አለቃችን ሳቄን ሰምቶ መጣ። አየና «ታዲያ ሁለት ሰው ለምን ያስፈልገናል?» አለ። ጋሼ ሻይ ሊጠጡ ወርደዋል። እኔ ደክሞኛል፤ ሙገሳውም ጣፍጦኛል። «አንድ ሰው ይበቃል» አልሁ። ከአፍ የወጣ አፋፍ።

በሳምንቱ ኮንትራታቸው እንደማይታደስ ተነገራቸው። እስኪያልቅ ድረስ ስክሪፕቱ ያወጣቸውን ፋይሎች እያነበቡ እንዲያመሳክሩ ታዘዙ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ጳጉሜ ላይ የተወለደ ሕፃን የት ይመዘገባል?» አሉኝ።

ስክሪኑን አየሁት። ከነሐሴ ቀጥሎ ምንም የለም። እንዴት ያለ ውርደት ነው! ያወጣኋቸው ፋይሎች ሁሉ እንደዚያ ናቸው፤ በማግሥቱ ደግሞ ወደ ቁንዝላ ጤና ጣቢያ ሊላኩ ነው። እሳቸው በእጃቸው በጻፏቸው ላይ ጳጉሜ በየቦታዋ አለች።

«ለአለቃ ነገሩት?» አልሁ።

«ሥራው ያንቺ አይደል? ለአንቺ ነዋ የምነግረው።» ከዚያ ፈገግ አሉ። «የኔ ኮንትራት የሚያልቀው ጳጉሜ አምስት ነው። በአንቺ ስክሪፕት ከሄድን ያ ቀን አይመጣም፤ ብትተይውስ?»

አብረን ሳቅን። እኔ ግን አልተውሁትም፤ አንድ መስመር ጨመርሁ፣ ቁልፉን ተጫንሁ፣ ሁሉም ታረመ። ያኔውኑ ወደ አለቃ ገብቼ «ስሕተቴን ያገኙት እሳቸው ናቸው፤ አንድ ሰው አይበቃም» ማለት ነበረብኝ። በሩ ድረስ ሄድሁ። ዛሬ ደክሞኛል፣ ነገ እነግረዋለሁ ብዬ ተመለስሁ። ነገም ደከመኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ድካም ብቻ አልነበረም። ከሁለታችን አንዱ ብቻ የሚቀር ከሆነ፣ የምወጣው እኔ እንዳልሆን ፈራሁ።

ጳጉሜ አምስት፣ ሰው ሁሉ ለበዓሉ ሸመታ ገበያ ወጥቶ ቢሮው በጊዜ ጭር አለ። ጋሼ ግን ቁጭ ብለው የአንዲት የቀረች ቅጽ ኮድ በእጃቸው ይጽፋሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ልረዳቸው ይሁን ለራሴ ቅልል እንዲለኝ እንጃ፣ ጠጋ አልሁ።

«ጋሼ፣ ቁልፉን ልጫንልዎ? አሁኑኑ ያልቃል እኮ።»

ቀና ብለው አላዩኝም። «ተይው ልጄ። ቶሎ ካለቀ ቀኑን ምን ላድርገው?»

ገና ዐሥራ አንደኛው መስመር ላይ ነበሩ።