ያላጠፋሁትን ይቅር አሉኝ

ከጥገና ቤታችን ወጥተው ትምህርት ቤት የገቡት ኮምፒውተሮች የልጆቹን ሥራ ማስቀመጥ ያቃታቸው፣ የሺ ማንበብ ስለማትችል አንድ የሥራ ደረጃ ዘልላ ነው ተባለ። የሺ እኔ ነኝ። ሐሰት ነው። ጠይቄአለሁ። ሁለት ጊዜ ጠይቄ ሁለት ጊዜም ተዪው ተብያለሁ። ከዚያ ደግሞ ይቅር ተባልኩ። ይህን የምጽፈው ከእኔ በኋላ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጡ ሴቶች ነው፤ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷቸው ይሆናልና።

ሥራ የጀመርኩበት ቀን ዝናብ ነበር። ጥገና ቤቱ ሃዳር ጋኒም ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ መኖሪያ ሕንፃ ሥር ያለ ምድር ቤት ነው። እኔ ቢሮ ስጠርግና ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ሳሽግ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ቤት መቀመጥ አልሆነልኝም። ልጄ «አርፈሽ የልጅ ልጆችሽን ጠብቂ» አለችኝ። የልጅ ልጆቼ የሚጠበቁ አይደሉም፤ አንደኛዋ ወታደር ናት፣ አገር የምትጠብቀው እሷ ናት።

በር ላይ የተቀበለኝ ዮናታን ነው፣ የአለሚቱ ልጅ። አለሚቱና እኔ ከጎንደር እስራኤል እንደመጣን አንድ ኡልፓን ገብተን፣ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነው ዕብራይስጥ የተማርነው። ልጇ ሲወለድ አቅፌዋለሁ፤ አሁን አለቃዬ ሆነ። ከእኛ ሰው እዚያ አለቃ የሆነ እሱ ብቻ ነው። እናቱ ይህን ያልነገረችው ሰው በሰፈራችን በራማት ቬርበር አይገኝም።

ሥራው እርከን አለው። አዲስ የገባች ሴት አቧራ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች፤ ኩባንያዎች የጣሉትን ኮምፒውተር በመፍቻ ከፍታ በአየር መንፊያና በብሩሽ ታጸዳለች። ከዚያ ዲስክ ጠረጴዛ ነው፤ የድሮው ይደመሰሳል፣ አዲስ ሲስተም ይጫናል። ከሁሉ በላይ ያለው የአስተርጓሚ ጠረጴዛ ነው። እዚያ ለመድረስ ብዙ አቧራ ውጫለሁ።

ዮናታን ነገሩን እንዲህ አስረዳኝ። ሰዎች ፕሮግራም የሚጽፉበት ቋንቋ አለ፤ ማሽኑ ያንን ቋንቋ አያውቅም፤ መሃል ቆሞ የሚነግረው አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። ለተማሪዎቹ ትምህርት የሚሆነው አስተርጓሚ አዲስ ነው፣ የእኛ ኮምፒውተሮች አሮጌ ናቸው፤ ተሠርቶ ያለቀለትን አይቀበሉም። ስለዚህ አስተርጓሚው ከምንጭ ኮዱ ተነስቶ እዚያው ማሽኑ ላይ መገንባት አለበት።

ይህ ወዲያው ገባኝ። ስንት ዓመት ሐኪም ቤት በአስተርጓሚ ኖሬአለሁ። ሐኪሙ እጁን እያወናጨፈ ረጅም ይናገራል፤ የልጅ ልጄ ስልኳን እያየች «ደህና ነሽ ይላል» ትለኛለች።

አሠራሩ ይህ ነው። የምንጭ ኮዱ ከታሸገበት ይፈታል። ቀጥሎ ቅንብሩ ይሰጣል፤ አስተርጓሚው የት እንደሚቀመጥ፣ ምን ምን ክፍል እንዲኖረው እንደምንፈልግ። ያን ጊዜ ማሽኑ ራሱን መመርመር ይጀምራል። ይህ አለ ወይ? አለ። ያ አለ ወይ? የለም። ጥያቄና መልሱ በስክሪኑ ላይ ይወርዳል። ልጅ ከመዳሩ በፊት ሰባት ቤት እንደሚቆጥሩት ሽማግሌዎቻችን ነው፣ አንድም አያልፍም። ልዩነቱ፣ ሽማግሌ ጉድለት ካገኘ ሠርጉን ያቆማል፤ ይህ ማሽን ግን የለም ተብሎም መንገዱን ይቀጥላል። ከዚያ ግንባታው ይጀምርና ሰውን እስኪያሰለች ይቆያል። ሲያልቅ ይጫናል።

እንግሊዝኛ አላውቅም። ፊደሎቹን ግን በመልካቸው ለይቼአለሁ። ትእዛዙን ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት እያየሁ እጽፋለሁ። አጠገቤ የምትሠራው ዝናሽ ናት፤ በኋላ የመጣች፣ ልጆች የምታሳድግ ሴት። እኔ የጻፍኩትን እሷ፣ እሷ የጻፈችውን እኔ ከወረቀቱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያይተን ነው አስገባ የምንለው። አንዲት ሰረዝ ከጎደለች ማሽኑ ይሰድበናል፤ ዝናሽም «ደግሞ ተቆጣ ባልሽ» ትለኛለች። በዚህ መልክ ብዙ ኮምፒውተር አወጣን፤ ተመልሶ የመጣም አልነበረም።

ከፋሲካ በኋላ ዮናታን እስክሪብቶ ይዞ መጣና ከወረቀቱ ላይ አንድ መሥመር ሰረዘ። ከግንባታው በፊት፣ አስተርጓሚው የሚሠራባቸውን ተጨማሪ ጥቅሎች የምንጭንበት ደረጃ ነበር። ጊዜ ይፈጃል፣ በአዲሱ ዲስክ ውስጥ አሉ፣ አያስፈልግም አለ። እኛም ደስ አለን፤ ሥራ የቀነሰለት ማን ያዝናል?

በዚያው ቀን የመጀመሪያው ማሽን ሲያልቅ መጨረሻው ሌላ መልክ ነበረው። ቀድሞ በአጭር መሥመር ነበር የሚዘጋው። አሁን ከታች በረድፍ በረድፍ የተደረደሩ ቃላት ቀሩ። ምን እንደሚሉ አላወቅሁም። ትናንት እንዳልነበሩ ግን አውቃለሁ። ዝናሽን ጠራሁ፤ እሷም አላስታወሰቻቸውም። ዮናታንን ጠራሁ። ሳንድዊች እየበላ መጣና ጎንበስ ብሎ አየ። ያልተገኙ ክፍሎች ናቸው፣ ግዴታ አይደሉም፣ ሎ ኖራ አለኝ። ሎ ኖራ ምንም አይደለም ማለት ነው። በዚህ አገር ሰው ሎ ኖራ ሲላችሁ ቦርሳችሁን ፈትሹ።

ሁለተኛውም ማሽን ያንኑ አወጣ። እንደገና ሄድኩ። ስልክ ላይ ነበር። ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ፣ «እማማ የሺ፣ ተዪው። ያ የእኔ ሥራ ነው፤ አንቺ ዝም ብለሽ ጨርሺ» አለኝ። ዝናሽ ከኋላዬ ቆማ ትሰማለች። ተመልሼ ጨረስኩ። የእሱ ሥራ ከሆነ የእሱ ነው።

ኮምፒውተሮቹ ኤም ሃሞሻቮት አካባቢ ወዳለ ትምህርት ቤት ተላኩ። ብዙም ሳይቆይ አስተማሪዋ ራሷ አንዱን በመኪናዋ ጭና መጣች። ልጆቹ ትምህርቱን ይከፍታሉ፣ ይሠራሉ፤ አስቀምጥ ሲሉት ፕሮግራሙ ይወድቃል፣ የጻፉት ሁሉ ይጠፋል። አንዲት ልጅ ሁለተኛ አልነካውም ብላ አልቅሳለች። ጥቅሎቹ ስላልተጫኑ፣ የሚያስቀምጠው ክፍል አስተርጓሚው ውስጥ አልተገነባም ነበር። በዚያ ረድፍ ላይ ስማቸው ከወጡት አንዱ እሱ ነው።

የጥገና ቤቱ የበላይ ሮኒት ሰበሰበችን። ሮኒት ደግ ሴት ናት፤ መከራዬም ከዚያ ነው የመጣው። ምን ሆነ ብላ ጠየቀች። ዮናታን ጠረጴዛውን እያየ በዕብራይስጥ መለሰ፤ ሴቶቹ እንግሊዝኛ አያነቡም፣ የሺ አንድ ደረጃ ዘልላ ይሆናል አለ። ጠይቄዋለሁ እኮ አልኩ። ሮኒት እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ፣ በሰደር፣ በሰደር፣ ማንም አልተቆጣሽም፣ በሰው ላይ የሚደርስ ነው፣ ቀለል ያለ ሥራ እንሰጥሻለን አለችኝ። በሰደር አንድ ጊዜ ሲባል እሺ ማለት ነው፤ ሁለት ጊዜ ሲባል በቃሽ ማለት ነው። ዝናሽ ጫማዋን ታያለች። አልፈርድባትም፤ እንጀራዋ ነው።

በማግስቱ አየር መንፊያው ተመልሶ እጄ ገባ።

ቢቆጡኝ እከራከር ነበር። ቢያባርሩኝ እጮህ ነበር። ይቅርታን ግን በምን ይከራከሩታል? ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር ፈገግ ይሉልኛል። አንዷ ኬክ አመጣችልኝ።

ዮናታንን ለብቻው አገኘሁትና ያልከውን አስተካክል አልኩት። ማንም አልተቆጣሽም እኮ አለኝ። ችግሩ እሱ ነው አልኩት። ስብሰባ አለኝ ብሎ ሄደ። ልጄም፣ እማ ተዪው፣ ለምን ደም ግፊትሽን ታስነሻለሽ አለችኝ። አገር ሁሉ ተዪው!

አባ መኩሪያ ዘንድ ሄድኩ። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማች ሲኳረፍ የሚያስታርቁ አባት ናቸው። ነገሩን ከጀመርኩበት እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ ይህ ኮምፒውተር የምትዪው ነገር ምኑ ነው የበደለሽ አሉ። ኮምፒውተሩስ አልበደለኝም፣ የአለሚቱ ልጅ ነው አልኩ። «እንግዲያ የምናውቀው ነገር ነው» አሉና ከዘራቸውን አነሱ።

ዓርብ ረፋድ ላይ አለሚቱ ቤት ገባን። የሰንበት ወጥ ጥዳለች። «ለኮምፒውተርም ሽማግሌ ይላካል?» አለች። አባ መኩሪያ፣ ለሰው ነው የመጣነው፣ ሰንበት ሳይገባ ይጨረስ ብለው ተቀመጡ። ዮናታንም ከጓዳ ወጣ። ሽማግሌ በር ላይ አይመለስም፤ ይህን እዚህ የተወለደውም ያውቃል።

አባ መኩሪያ ስለ አስተርጓሚም ስለ ቅንብርም አልጠየቁም። ማን አዘዘ፣ ማን ጠየቀ፣ ምን ተብሎ ተመለሰ፤ ይህን ብቻ ጠየቁ። ዮናታን በዕብራይስጥ መለሰ፣ ረጅም መልስ። አለሚቱ ወደ አማርኛ መለሰችላቸው፦

«ሥራ በዝቶብኝ ነበር ይላል፣ አባ።»

«አለሚቱ፣ ቀሪውንም ንገሪያቸው» አልኳት።

«ይኸው ነው ያለው።»

«እኔና አንቺ አንድ ኡልፓን ነው የተማርነው።»

አለሚቱ ድስቷን ልታማስል ተነሳች። አባ መኩሪያ ወደ ልጁ ዞሩ። «ልጄ፣ እናትህን አታድክማት። በምትችለው አማርኛ አንተው ንገረኝ።»

ዮናታን፣ ጠይቃኛለች፣ ሎ ኖራ ብያታለሁ አለ፣ የአባ መኩሪያን ጉልበት እያየ እንጂ ወደ እኔ ዞሮ አይደለም። አባ መኩሪያ፣ ቃል ወደ ወጣበት ቦታ ይመለሳል፣ ይህንኑ ሥራ ቤት ሄደህ ትናገራለህ አሉ። ያኔ አለሚቱ ማማሰያዋን እንደያዘች ተመለሰች።

«ልጄን ከሥራው ልታስወጪው ነው? ከእኛ ሰው አንድ አለቃ ቢገኝ?»

«ከእኛ ሰው አንድ አለቃ ተገኘና ከእኛ ሰው አንዷን ማንበብ አትችልም፣ ዘልላለች አለ» አልኩ።

ዮናታን እሺም እምቢም ሳይል ወደ ጓዳ ገባ። ሰንበትን እንዲህ ሆኜ ዋልኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ የረዘመ ሰንበት አላስታውስም።

እሑድ ጠዋት ስገባ የተሰረዘው መሥመር በቀይ ቀለም ወረቀቱ ላይ ተመልሷል። ጥሩ ነው፣ ልጆቹ ሥራቸው አይጠፋም። ግን ወረቀት ስለ እኔ አይናገርም። ሮኒት መጣች፣ ዞረች፣ ፈገግ አለችልኝ። ዮናታን ከእሷ ጋር ይሄዳል፣ ይመጣል፣ አፉን አይከፍትም። ጠበቅሁ። እስከ ምሳ ጠበቅሁ። ከዚያ አየር መንፊያውን እንደያዝኩ ሁለቱ የቆሙበት ሄድኩ።

ለአዲሶቹ የምለው አጭር ነው። ግንባታው ሲያልቅ መጨረሻ ላይ የሚቀረውን ሳታዩ ስክሪኑን አትዝጉ። ትናንት ያልነበረ ነገር ካያችሁ፣ ባይገባችሁም ጠይቁ። ተዪው ከተባላችሁ ማን እንዳላችሁ ያዙ፤ ስትጠይቁም ሰው ባለበት ጠይቁ። ዮናታን ከሥራው አልወጣም፤ ያ የእናቱ ፍርሃት ነበር። አለሚቱ ታናግረኛለች፣ በአጭሩ። እኔም ወደ አስተርጓሚ ጠረጴዛዬ ተመልሼ ከዝናሽ ጎን ነኝ።

የዚያን እሑድ ሮኒት፣ ዝናሽና የአቧራ ጠረጴዛ ሴቶች ሁሉ በሚሰሙበት ዮናታንን በዕብራይስጥ የጠየቅሁት ይህን ብቻ ነው፦ ያ ረድፍ ስክሪኑ ላይ የወጣ ቀን፣ ጠይቄሃለሁ ወይስ አልጠየቅሁህም?

«ጠይቃኛለች» አለ፣ ወደ ሮኒት ዞሮ። «ሁለት ጊዜ። ተዪው ያልኳት እኔ ነኝ። የዘለለችው ደረጃም የለም፤ መሥመሩን የሰረዝኩት እኔ ነኝ።»