ለጀርባ የተነገረ ቃል

የምሥራች፤ እርግማን አልነበረም። «ምስር ብዪ» ለማለት ግን አትቸኩሉ፤ የማን የምሥራች እንደሆነ ገና አልነገርኳችሁም። የምጽፈው በትኬት ጠረጴዛዬ ላይ ነው።

የምሥራቹ የጎረቤቴ የ«እማማ ከንፈር» ነው። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ወጣትነታቸውን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሽመና ክፍል ስለጨረሱ፣ ዛሬም አንዳንዴ ድምፅ ሳያወጡ በከንፈራቸው ብቻ ያወራሉ። የሽመና መኪናው ጩኸት ጆሮ ስለሚደፍን እዚያ ሐሜቱም፣ ፍቅሩም፣ ስድቡም በከንፈር ነበር። ፎርማኑ መሀላቸው ቆሞ ሲታማ ይውላል፤ እሱ ማስቲካ የሚያኝኩ ይመስለዋል። ኩርፊያም ቀላል ነበር፤ ጀርባ መስጠት ይበቃል። ያላየ አልሰማም።

ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ ግቢው ለዓመታት የርግብ ቤት ሆኖ ከረመ። አሁን የጎብኚዎች ማዕከል ሆኗል፤ ግድግዳው ተቀብቷል፣ መኪኖቹ ተወልውለው በገመድ ታጥረዋል፣ እኔም በሩ ላይ ትኬት እቆርጣለሁ። የጥንቱን ጩኸት በድምፅ ማጉያ እናሰማለን። የእማማ ቤት ከአጥሩ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ጩኸቱ በግድግዳው ይገባባቸዋል። በሰሙት ቁጥር ብድግ ብለው ሻሻቸውን ያስራሉ፤ ከዚያ ፈረቃ እንደሌለ ትዝ ይላቸውና ይቀመጣሉ። ደጃፉን ግን ረግጠው አያውቁም። እዚያ የሚጠብቀኝ ሰው አለ ይሉኛል፤ ማን እንደሆነ ስጠይቃቸው ወሬ ይቀይራሉ።

በቀደም ከቢሮው ጣሪያ ሥር ድምፅ የሌለው አሮጌ ፊልም ተገኘ፤ ሽመና ክፍሉ ግድግዳ ላይ ማሳየት ጀመርን። ከሥራ ስመለስ ለእማማ አወራኋቸው። አንዲት ረጅም ልጅ ትናገራለች፣ የምትናገረው ግን ጀርባዋን ለሰጠቻት ልጅ ነው፣ አጠገባቸው ያለችው ደግሞ ትስቃለች አልኳቸው። ይጠቀልሉት የነበረውን ክር አስቀመጡት። ጀርባዋን የሰጠችው ጸጉሯ ላይ ምን ሰክታለች ብለው ጠየቁኝ። የክር መሳቢያ መንጠቆ አልኩ።

«እኔ ነኛ» አሉኝ፤ ያውም በድምፃቸው።

ረጅሟ ታላቅ እህታቸው ናት። እናታቸው ቀድመው ስላረፉ ያሳደገቻቸው እሷ ነች። እማማ ከፋብሪካው መካኒክ ጋር ልኑር ሲሉ፣ ያ ሰውዬ ከመኪና በቀር ምንም ሲንከባከብ አላየሁም ብላ ከለከለቻቸው። ተኳረፉ። ካሜራ ያዢዎቹ በመጡ ቀን እህትየው ከኋላቸው እየተናገረች እንደሆነ ከሌሎቹ ዓይን ገብቷቸው ነበር። አልዞሩም። ስትስቅ የነበረችው ሸማኔ ሲወጡ፣ እህትሽ ስንቱን አለችሽ መሰለሽ ብላ ጠቀሰቻቸው። ምን አለችኝ ብሎ መጠየቅ ሽንፈት መሰላቸውና በዚያው መካኒኩ ቤት ገቡ። ክረምቱ ሳይወጣ እህትየው በደረት ሕመም ሞተች።

ከዚያ ወዲያ የመጣው ሁሉ የእህት እርግማን ሆነ። ባልየው እጁን መኪና ሲበላው፣ የልጃቸው ትዳር ሲፈርስ፣ ጣሪያው ሲያፈስ እንኳ፣ ረግማኛለች ነው መልሱ።

ሰሞኑን ልሂድ አልሂድ ሲሉ ሰነበቱ። «ከረገመችኝ በዓይኔ ማየቴ ነው፤ ካልረገመችኝ ደግሞ ዕድሜ ልኬን በከንቱ ሸሸኋት» አሉኝ። ክንዴን አቀረብኩላቸው።

ዛሬ ገባን። አዳራሹ ጨለም ያለ ነው፤ ከአዲሱ ቀለም ሥር የዘይቱ ሽታ ብቅ ይላል። እማማ በመኪኖቹ መሀል ሲያልፉ ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ፣ የሞቱት መኪኖች ይይዟቸው ይመስል። ቴክኒሻኑ እሳቸውን ለማክበር ብሎ ጩኸቱን አጠፋው።

«ክፈተው የኔ ልጅ፤ ጸጥ ሲል አይሰማኝም» አሉት።

ከፈተው። ወለሉ እግራችን ሥር ይነዝር ጀመር። እህትየው ግድግዳው ላይ መጣች፤ ወጣት እንደሆነች፣ ከታናሿ እጥፍ ገዝፋ። ስትናገር የእማማም ከንፈር አብሮ ተንቀሳቀሰ። ጥፍራቸው ክንዴ ውስጥ ገባ። ፊልሙ አልቆ ሲደገም ደግመው አነበቡና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«‹ኩርፊያሽን ይዘሽም ቢሆን ነይ፤ ብቻ እቤት እደሪ› ነው የምትለኝ።»

ያቺ አጅሪት ሸማኔ የሳቀችው ለካ በዚህ ነው። እማማ ዕድሜያቸውን የፈሩትም ይህንን።

እህትየው ከተናገረች በኋላ ትንሽ ትቆያለች፤ ያ ጀርባ እስኪዞርላት ነው። ከዚያ ክር ይበጠስባትና ወደ መኪናዋ ታጎነብሳለች። እማማ ገመዱን አልፈው ግድግዳው ሥር ቆሙ። የፊልሙ ብርሃን ወደቀባቸው፤ ጥላቸው ያንን የገዛ ጀርባቸውን ሸፈነው። ክሩ ሳይበጠስ፣ ፊታቸውን ወደ እህታቸው ቀና አድርገው፣ «መጣሁ እታለም» አሉ፤ በከንፈር። እህትየው ግን አጎነበሰች። ተመልሳ መጣች፣ ጠበቀች፤ እሳቸውም መለሱላት። በደስታዬ መሀል ብርድ ብርድ አለኝ። ነገም በሩን ስከፍት ያቺ ልጅ ትጠብቃለች፤ መልሱ እንደደረሳት ማን ያውቃል። አንዴ ከማጎንበሷ በፊት ፈገግ ያለች መሰለኝ። ድሮም ፈገግ ትል ይሆናል፤ እኔ ፊልሙን የማየው ትኬት እየቆረጥኩ ነው።

መዝጊያችን ደርሷል፤ ቴክኒሻኑ ግን ፊልሙን አላቆመም። እማማ አሁንም እዚያው ቆመዋል፤ እንሂድ ብላቸው አልሰሙኝም፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። ልብስ ሰፊዋ ልጃቸው ከድልድዩ ማዶ ናት፤ ትዳሬን ያፈረሰው የአክስቴ እርግማን ነው እያለች የኖረች። ሱቋን ሳትዘጋ ልድረስባት። መጀመሪያ «ምስር ብዪ» ትበለኝ፤ ከዚያ ነይና እናትሽን እቤት አስገቢያቸው እላታለሁ። ሻርፔ የታለ፤ ሄድኩ።