የእማማ ፎርቱና ሮማንና ብሎኬቱ

በጡ ቢሽቫት ዋዜማ፣ ለዛፎች አዲስ ዓመት የአገሩ ልጅ ሁሉ ችግኝ ሲተክል፣ እኔና አባባ የሰው ዛፍ ስንቆርጥ አረፈድን...

አባባ ባለፈው በጋ ከሦስተኛ ፎቅ ወርዶ ሐዴራ ከተማ፣ ናሕሊኤል ሰፈር ውስጥ ትንሽ ግቢ ያላት ቤት ተከራየ። ጎረቤቱ እማማ ፎርቱና ይባላሉ፣ ከቱኒዝያ የመጡ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። እሳቸው ከአማርኛ «ቃሪያ» የምትለዋን ብቻ ያውቃሉ። የአባባ ዕብራይስጥም ከምስጋናው «ቶዳ» እና ከእሺታው «ቤሴዴር» አያልፍም። ግን አጥር ለአጥር እየተጯጯሁ በደንብ ይግባባሉ። እሳቸው ሮማን ያቀብሉታል፣ እሱ ቃሪያ ያቀብላቸዋል። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባባ ከሰው ጋር ሲስቅ ያየሁት እዚያች አጥር ላይ ብቻ ነው።

ክረምት ሲገባ እማማ ፎርቱና ዳሌያቸውን ሊታከሙ ሆስፒታል ገቡ፣ ከዚያም ልጃቸው ጋ ሰነበቱ። በዚህ መሀል ሮማናቸው ቅጠሉን ጨርሶ አራገፈ።

በዋዜማው ዕለት፣ ዓርብ ጠዋት፣ ስደርስ አባባ መጋዝ ይዞ አጥሩ ሥር ቆሟል።

«እየው እስቲ፣ ሞቷል አይደል?» አለኝ። «ኦሪት የሚያፈራ ዛፍ አትቁረጥ ይላል። የሞተ ከሆነ ግን... ሴትዮዋ ከሕመም ተነሥታ ስትመጣ በሯ ላይ ሬሳ ቆሞ አይጠብቃትም።»

አባባ ገበሬ ነው። ጎንደር ክረምት ማለት ዝናብ ነው፣ ያን ሁሉ ዝናብ ጠጥቶ ያልለመለመ ዛፍ ሞቷል፣ አለቀ። እዚህ ከመጣ ጀምሮ የሠራው ፓርዴስ በሚሉት የፍራፍሬ እርሻ ውስጥ ብርቱካን ሲለቅም ነው፣ ብርቱካን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። በየመንገዱ ራቁታቸውን የቆሙ ዛፎችን ሲያይ «ግድ የለሾች፣ የሞተውን እንኳ አያነሱም!» ይል ነበር።

እኔ ግን እዚህ ነው የተማርኩት። ባግሩት የሚሉትን የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና አልፌያለሁ። ግንዱን እንደ ሐኪም በጣቴ ኳ ኳ አደረግኩና «ሞቷል» አልኩ።

የሞት ምስክር ወረቀቱን የፈረምኩት እንግዲህ እኔ ነኝ።

ቆርጠን ቅርንጫፉን ከምረን እንደጨረስን ታክሲ ቆመ። እማማ ፎርቱና በምርኩዝ ወረዱ። ጉቶውን አዩ። መጋዙን አዩ። እኛን አዩ።

«ይህን ዛፍ ባሌ ነው የተከለው» አሉ በዕብራይስጥ፣ ቀስ ብለው። «አልሞተም እኮ። ብርዱ ሲመጣ ቅጠሉን ይጥልና ነፍሱን ይዞ ሥሩ ውስጥ ይተኛል። በየዓመቱ ይተኛል።»

«ምን አሉ?» አለ አባባ።

«ቶዳ እያሉ ነው» አልኩት።

አባባ ፊታቸውን አየ። «እንዲህ ሆኖ የሚያመሰግን ሰው አይቼ አላውቅም» አለ።

እውነቱን ነገርኩት። ከክምሩ አንድ ቅርንጫፍ አነሣና ቅርፊቱን በጥፍሩ ፋቅ አደረገው። ውስጡ አረንጓዴ... እርጥብ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ከዚያ አባባ አገሩ ቢሆን የሚያደርገውን አደረገ። በእኛ ዘንድ የበደለ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ተበዳዩ ፊት ይጎነበሳል። ተበዳዩ ይቅር ካለ ድንጋዩን ያወርድለታል። ሐዴራ ግን አሸዋ እንጂ ድንጋይ የላትም፣ ስለዚህ አባባ ያገኘው ግማሽ ብሎኬት ነበር።

«ይቅር ይበሉኝ እኅቴ» ብሎ ተጎነበሰ።

«ሀጋብ! ሀጋብ!» ብለው ጮኹ እማማ ፎርቱና። «ወገብህ! በዚህ ዕድሜህ አብደሃል?» በአንድ እጃቸው ምርኩዛቸውን እንደያዙ በሌላው ብሎኬቱን ገፍተው ጣሉት።

እሳቸው ለወገቡ አስበው ነው። በእኛ ሕግ ግን ጉዳዩ ተዘጋ። አባባ ቀና ብሎ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

አፌ አያርፍ... በእኛ ዘንድ ድንጋዩን ማውረድ ይቅር ማለት እንደሆነ ነገርኳቸው።

«ማን? እኔ ይቅር አልኩ?» አሉ። «ብሎኬቱን እዚያው ጉቶው አጠገብ አስቀምጡት። ሮማኑ ሲነሣ ያኔ እናያለን።» በራቸውን ዘጉ።

የአጥሩ ጩኸት ቆመ። አባባ ሁልጊዜ ማለዳ፣ ዝናብም ቢሆን፣ ከጸሎት በፊት ጉቶውን ያያል። አጥሩ ላይ ያስቀመጠው ቃሪያ የሚያነሣው አጥቶ ጠወለገ። እኔ አፈርኩ፣ እውነቴን ነው። የቆረጠው የእሱ እጅ ቢሆንም የፈረደው የእኔ አፍ ነው።

ከፑሪም በዓል በኋላ፣ ብርዱ ሲያልፍ፣ ጉቶው ሥር ቀያይ ቀንበጦች ብቅ አሉ። አባባ አልተጣራም፣ ቆሞ ጠበቀ። እማማ ፎርቱና ወጡ፣ ቀንበጦቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ። ከዚያ ብሎኬቱን ሊያነሡ ሞከሩ፣ ዳሌያቸው እምቢ አለ። እና... ተቀመጡበት።

ተበዳይ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ሲል ምን ማለት እንደሆነ በእኛ ሕግ የለም። አባባ እኔን አየኝ። እኔም አላውቅም።

«ቃሪያ!» ብለው ጮኹ እማማ ፎርቱና፣ እንደ ድሮው።

አባባ ተርጉምልኝ እንኳ ሳይለኝ ሮጠ።

ባለፈው ቅዳሜ፣ በሻባት፣ ምሳ በልቼ እሱ ቤት ሶፋ ላይ ተኝቼ ሳለ አንድ ነገር ክንዴን ሲፍቀኝ ነቃሁ። አባባ ነው፣ በጥፍሩ።

«ምን እያደረግህ ነው አባባ?»

«ዝም ስትልብኝ ጊዜ... ሳላረጋግጥ ሞቷል አልልም ብዬ ነው።»

መጋዝ አለመያዙን አይቼ ተመልሼ ተኛሁ።