ከጠፈጠፍ ስር

ልጅ ሳለሁ፣ ቁስቋም፣ ከቤታችን ጀርባ የአያ ታከለ ቤት ነበረ። የቆርቆሮ ጣራቸው ወደ እኛ ግቢ ያዘነበለ ስለነበር ክረምት በገባ ቁጥር ጠፈጠፉ የጭቃ ግድግዳችንን ይሸረሽረው ነበር። እናቴ ደጋግማ ተናግራ ሰሚ ስታጣ ሰላምታዋን አቋረጠች፤ እኔንም «እዚያ ቤት እግርሽ እንዳይረግጥ!» አለችኝ። ለእሷ ነገሩ የግድግዳ ነበር፤ ለእኔ ግን የተረት። አያ ታከለ ማታ ማታ ለልጅ ልጃቸው ለብርቄና ለእኔ ተረት ይነግሩን ነበርና። በከለከለችኝ ዋዜማ ደግሞ ጅቡ አህያዋን ሠርግ ጠርቷት፣ ጫካው መሀል እንደደረሱ ተረቱን አቁመው «ቀሪው ነገ» ብለውን ነበር።

በማግስቱ ሲመሽ፣ እናቴ ወጥ ስታማስል ሹልክ ብዬ ወጣሁና ከአያ ታከለ ግድግዳ ስር፣ ከትንሿ መስኮት አጠገብ ቆምሁ። ከግቢያችን አልወጣሁም፤ እግሬም ያን ቤት አልረገጠም፤ ለራሴ እንደ ጠበቃ ስከራከር ትዝ ይለኛል። መብራት ጠፍቶ ስለነበር በመስኮቱ ስንጥቅ የኩራዙ ብርሃንና የፍሙ ቅላት ይታየኛል፣ የእርጥብ እንጨት ጭስ አፍንጫዬን ይበላኛል፣ ጠፈጠፉም ልክ ማጅራቴ ላይ ያርፋል።

«ተረት ተረት!» አሉ አያ ታከለ።

«የላም በረት!» አልሁ እኔ፣ በሙሉ ድምፄ።

አፌን ብይዝ ምን ሊረባኝ! ተረት እየሰማ ያደገ ልጅ ለዚያ ጥሪ ዝም ማለት ከየት ይማራል? እናቴ ከሰማችኝ ዳግመኛ ተረት እንደማልሰማ ገብቶኝ እንባዬ መጣ።

«ምነው፣ አንዲት ላም ከበረት ውጭ ቀርታለች እንዴ?» አሉ አያ ታከለ። «ብርቄ፣ በሩን ክፈችላት።»

ጋቢያቸውን ደርበውልኝ ከፍሙ አጠገብ አስቀመጡኝ። ተረቱንም ጨረሱልን፤ አህያዋ «የክት ልብሴን ረሳሁ» ብላ ተመልሳ አመለጠች። ከዚያ አያ ታከለ እጄን ይዘው እናቴ ደጃፍ አደረሱኝ።

«ጠፈጠፉ ግድግዳ ብቻ የሚጎዳ መስሎኝ ነበር» አሏት። «ለካ ልጅም ያበሰብሳል። ነገ አሸንዳ አሠራለሁ።»

እናቴ እኔንም እሳቸውንም አየችና «ዝናብ ነው፣ ይግቡ እንጂ» አለች።

ዛሬ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አልፎ አልፎ «ኢቭስድሮፐር» የሚል ቃል ይገጥመንና ተማሪዎቼ ትርጉሙን ይጠይቁኛል። እኛ ጆሮ ጠቢ የምንለው ነው። የእኛ ቃል ጆሮውን ይወቅሳል፤ የእነሱ ግን የቆመበትን መሬት። ድሮ በእንግሊዝ አገር ቤት የሚሠራ ሰው የጣራው ውሃ ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ከወሰኑ ፈቀቅ ይል ነበር አሉ፤ ጠፈጠፉ የሚያርፍባት ያች ጠባብ መሬት «ኢቭስድሮፕ»፣ የጣራ ጠፈጠፍ፣ የሚል ስም ነበራት፤ እዚያ ቆሞ የሰው ገመና የሚያዳምጥም በእሷው ስም ተጠራ፣ ተከሰሰበትም። መጀመሪያ ሳነበው ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎም ሆዴ ባባ። የእናቴ ጥልና የእኔ ጥፋት ለካ አንድ ቃል ውስጥ ኖረዋል!

ቃሉ ዛሬም የሚነገረው ለነቀፋ ነው፤ እንደዚያው አስተምረዋለሁ። ግን አርፍዶ መጥቶ ከክፍሉ በር ውጭ ቆሞ የሚያዳምጥ ተማሪ ባየሁ ቁጥር ማጅራቴን ይበርደኛል። ያኔ ጠመኔዬን አስቀምጥና «አንዲት ላም ከበረት ውጭ ቀርታለች» እላለሁ። ይስቃሉ፤ አንዱም ተነሥቶ በሩን ይከፍታል።